ሞጣ ላይ ያላረፈው አውሮፕላን

እኔ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያው ጥግ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ አባቴ የባቡር ሞተር ጠጋኝ ነበር፣ ቤታችን ውስጥ ስለ ጂን ወይም ስለ ሙት መንፈስ የሚያወራ እንግዳ ከመጣ አባቴ ሻዩን በግማሽ አስጥሎ ወሬ ያስቀይረው ነበር፣ ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ነገር ሌላ ሰው ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ግንባሩን ዳስሼ ትኩሳት እንዳለው ነበር የማየው። ነርስ ነኛ። ነገሩ በሌሊት ደርሶብኝ ቢሆን ደግሞ ሕልም ነው ብዬ እተወው ነበር፣ የደረሰብኝ ግን በቀን ነው፣ ምሳ በልተን ስናበቃ፣ ዓይኔም ጆሮዬም ተከፍቶ።

ያኔ ጃንሆይ ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፣ የመጨረሻዎቹ ዓመታት መሆናቸውን ግን ማናችንም አላወቅንም፣ እኔ ከነርስ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ ቢቸና ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። ብርዱ አጥንት ይገባል፣ የማውቀው ሰው የለም፣ አነጋገሬን ሲሰሙ ሰዎች ፈገግ ይላሉ። ግቢ የተጋራኋት አስተማሪ፣ ማንጠግቦሽ፣ ባትኖር ኖሮ ዓመት ሳይሞላኝ ዕቃዬን ጠቅልዬ እመለስ ነበር። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ እሷ ክርስቲያን፣ በዓል ሲመጣ ግን ለእኔ የሚሆነውን ዶሮ ለሙስሊሙ ጨርቅ ነጋዴ ጎረቤታችን ልካ አሳርዳ፣ በሌላ ድስት ለብቻው ሠርታ ታቀርብልኝና በልቼ እስክጨርስ አጠገቤ ተቀምጣ ታጫውተኛለች። እንዲህ ያለች ሰው ናት። እልኸኛም ናት፣ አንድ ነገር ካለች አለች ነው።

ባሏ ልየው ይባላል፣ እሱም አስተማሪ ነው፣ ያን ዓመት የሞጣ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኖ ተሾመና ክረምቱን ለኮርስ አዲስ አበባ ገባ። ትምህርት ሊከፈት ሲል በአውሮፕላን ሞጣ ሊወርድ፣ እሷም የዝውውር ፈቃዷ ሲመጣ ልትከተለው ነበር የተስማሙት። በክረምት ሞጣ የሚገባ መኪና የለም፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ አቅም ያለው ሰው በዚያ ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን ነበር የሚሄደው፣ ሣር ሜዳ ላይ ያርፋል፣ ሰው ያወርዳል፣ ሰው ይጭናል፣ ይነሣል።

የዚያን ዕለት ግን አላረፈም። ሞጣ ሜዳው ዳር ቆሞ ዘመዱን ይጠብቅ የነበረ ሰው ሁሉ ድምፁን ሰምቷል፣ ደመናው ከባሕር ዛፎቹ ጫፍ ብዙም አይርቅም ነበር፣ ድምፁ በራሳቸው ላይ አለፈ፣ ዞረ፣ ተመልሶ መጣ፣ ሰዎቹ እንደውም ዕቃ ተሸካሚ ጠርተው ነበር፣ ከዚያ ወደ ጮቄ ተራራ አቅጣጫ ሄደና ጠፋ። በቃ። ፍንዳታ የለ፣ ጭስ የለ። ሌሎች አውሮፕላኖች መጥተው ፈለጉ፣ ወታደርና ባላገር ተራራውን በእግሩ አሰሰ፣ አንዲት ቁራጭ ብረት አልተገኘችም።

ወሬ ማለት እንግዲህ ያኔ ነው። አንዱ ተማሪዎች አብራሪውን በሽጉጥ አስገድደው ካርቱም ወስደውታል ይላል፣ ዘመኑ እንዲህ ዓይነት ነገር የሚሰማበት ስለነበር ብዙ ሰው አመነው። ከየጁቤ የመጣ እህል ነጋዴ፣ ዓባይ ገደል ውስጥ ነጎድጓድ ያልሆነ ነጎድጓድ የሰማ ዘመድ አለኝ ብሎ ይምላል። ዓባይ ድልድይን የተሻገረ የጭነት መኪና ሹፌር ውኃው ላይ ሻንጣ ሲንሳፈፍ አየ ተባለ፣ ሹፌሩን ግን ያገኘው ሰው የለም። ውስጡ አንድ ትልቅ ሰው ነበረበት፣ ሆን ተብሎ ተደብቆ ነው ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያወሩም ነበሩ፣ ጮቄ ላይ ያለ ዋሻ ዋጠው የሚሉም አልጠፉ። አንድ የቅኔ ተማሪ ደግሞ ገበያ መሃል ቆሞ «ሰማይ» የሚለውን ቃል ለሁለት ሰንጥቆ፣ የሰማ እንጂ ያየ የለም የሚል ወርቅ አወጣለትና ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፣ ሳቁ ቀጥ ያለው ማንጠግቦሽ ዘንቢሏን ይዛ ስታልፍ ሲያዩ ነው። እሷ ግን አላለፈችም፣ ተጠጋችውና ድገምልኝ አለችው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ደገመላት። አመስግናው ሄደች።

የልየው አባት ግራዝማች ታፈረ ይባላሉ፣ ቢቸና ውስጥ የተከበሩ ሰው፣ ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ፣ ልጃቸውን ያጡ አባት ናቸው። የሚያስጨንቃቸው የልጃቸው ነፍስ ነው፣ ፍትሐት ሳይደረግለት አርባው ሊደርስ ነው፣ ስለዚህ መስቀል ሲያልፍ ለቅሶ እንቀመጣለን፣ ሚስቱም ከል ትልበስ አሉ። ማንጠግቦሽ አልለብስም አለች። ሽማግሌ ላኩባት፣ የነፍስ አባቷን ላኩባት፣ ሁሉንም አክብራ አስቀምጣ አብልታ ሸኘቻቸው፣ መልሷ ግን ያው ነው። በመጨረሻ ራሳቸው መጡ፣ እኔም ነበርኩ፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው፣ ልጄን ካላለቀስሽለት የልጄ ሚስት አይደለሽም፣ ከእንግዲህ ቤቴን እንዳትረግጪ አሏት።

ተነሥታ ጉልበታቸውን ሳመች።

«አባባ፣ ሞጣ ደርሼ ልምጣ» አለቻቸው። «ድምፁ መጨረሻ የተሰማበት ቦታ ልቁም። እዚያ ቆሜ ልቤ ሞቷል ካለኝ፣ ከሉን ራሴ ገዝቼ፣ ለብሼው እመጣለሁ።»

ግራዝማች ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ እስከ መስቀል እጠብቃለሁ ብለው ወጡ።

አብሬያት ልሂድ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ግን ምክንያቴን ልንገራችሁ፣ አምኛት አይደለም። ሞትን አልቀበልም ያለ ሰው እንዴት እየመነመነ እንደሚሄድ ጤና ጣቢያ ውስጥ በዓይኔ አይቻለሁ፣ እሷም ቀሚሷ እየሰፋት ነበር፣ ስለዚህ ሜዳውን አይታ፣ ባዶ መሆኑን አይታ፣ አልቅሳ እንድትመለስ ነበር የፈለግሁት። ፈቃድ ጠየቅሁ፣ ሁለት በቅሎ ተከራየን፣ ወደ ሞጣ ከሚመለሱ ነጋዴዎች ጋር ተቀላቅለን በደብረ ወርቅና በመርጡለ ማርያም በኩል ሄድን። ዝናቡ ያን ዓመት መስከረምም ገብቶ አልወጣ ብሎ ነበር። አንድ ወንዝ ላይ ስንደርስ ውኃው ሞልቶ ነጋዴዎቹ ጭነታቸውን አራግፈው፣ እስኪጎድል እንጠብቅ ብለው ዳር ዳሩን ተቀምጠዋል፣ እሷ ምንም ሳትናገር ከበቅሎዋ ወረደች፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ አሰረች፣ የበቅሎዋን ጭራ ጨብጣ ገባች። ውኃው ደረቷ ድረስ መጣ። ማዶ ወጥታ ዞር ስትል ወንዶቹ አፍረው ይነሡ ጀመር፣ እኔም ዋና የማላውቀው ሴት ዓይኔን ጨፍኜ ተከተልኩ።

ሞጣ ስንገባ የትምህርት ቤቱ ሰዎች በሐዘን ተቀበሉን፣ ለአዲሱ ዳይሬክተር ያዘጋጁትን ቤት ከፍተው እዚህ እደሩ አሉን፣ አልጋው ተነጥፏል፣ ፋኖሱ ተወልውሏል። ማንጠግቦሽ ደጃፉ ላይ ቆማ አየችውና፣ ባለቤቱ ሳይገባበት እኔ አልገባበትም አለች፣ አንዲት አስተማሪ ቤት አደርን።

በማግስቱ ሜዳው ላይ አያ ቢተው የሚባሉ ሽማግሌ አገኘን፣ ረጅም ጅራፍ የያዙ፣ ሥራቸው አውሮፕላን ሲመጣ ከብት ከሜዳው ማባረር ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ክረምቱ እስኪወጣ ወደ ሞጣ የሚመጣ አውሮፕላን የለም፣ እሳቸው ግን በየቀኑ ይመጣሉ። ለምን እንደሚመጡ ስንጠይቃቸው እኔን ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ፣ ከዚያ ለማንጠግቦሽ ነገሯት፣ ከሰዓት በኋላ ደመናው ወርዶ ሜዳው ላይ ሲተኛ አንዳንድ ቀን ድምፁ ይመጣል አሉ፣ መጀመሪያ ጆሮዬ ነው ብዬ ነበር፣ በኋላ ግን ከብቶቹ እኔ ሳላባርራቸው መውጣት ጀመሩ አሉ።

እኔ በሆዴ የወፍጮ ሞተር ነው አልኩ። ከተማው ውስጥ የናፍጣ ወፍጮ እንዳለ ስንገባ ሰምቼዋለሁ፣ ጉም ደግሞ ድምፅን ከሩቅ እያመጣ ጆሮ ሥር ያስቀምጠዋል፣ ይህን አባቴ ነው ያስተማረኝ። ደስም አለኝ፣ ድምፁ ከመጣ እጇን ይዤ በቀጥታ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ወስጄ አሳያታለሁ ብዬ።

ስንቃችንን በላን፣ አያ ቢተውም ዳቦ ቆሎ ዘገኑ፣ ስለ እህሉ፣ ስለ ዘንድሮው ዝናብ ተጨዋወትን። ደመናው ከጮቄ በኩል እየተንከባለለ መጣ፣ መጀመሪያ የማዶውን ባሕር ዛፍ በላ፣ ከዚያ ነፋስ ማሳያው ጨርቅ የተሰቀለበትን ምሰሶ፣ ከዚያ የሜዳውን ግማሽ። በዚህ መሃል ከብቶቹ መጋጥ አቆሙ። እመኑኝ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቀና አሉ፣ አንድ ሰው የጠራቸው ይመስል፣ ከዚያ ሳይሮጡ፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ እየተከተለ ከሜዳው ወጡና ዳር ቆመው ፊታቸውን ወደ ሜዳው መለሱ። አያ ቢተው ጅራፋቸውን አላነሡም። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ድምፁ መጣ።

የወፍጮ ሞተር አልነበረም። ወፍጮ አንድ ሞተር ነው፣ ቱክ ቱክ ይላል፣ ይህ ግን ሁለት ነው፣ ሁለት ሞተር አብሮ ሲሠራ አንዱ ከሌላው በትንሹ ስለሚቀድም ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ ይሞገዳል፣ ይህን ደግሞ የጠጋኝ ልጅ አትስተውም። በራሳችን ላይ አለፈ። ዞረ። ተመልሶ መጣ። አንገቴን አቅንቼ ባይ ነጭ ብቻ ነው፣ ድምፁ ግን እየወረደ መጣ፣ ከፊታችን ሜዳው ላይ ደረሰ፣ ፊቴን ነፋስ መታኝ፣ ቤንዚን ቤንዚን የሚል ነፋስ፣ ከዚያ አንዱ ሞተር ቆመ፣ ሌላውም ቆመ፣ ከሞተሮቹ ፊት የሚሽከረከረው መዘውር እየዘገየ እየዘገየ ቀጭ ሲል ሰማሁት።

ጸጥ አለ።

ከዚያ በር ተከፈተ። በር መሆኑን እንዴት አወቅሽ ትሉኝ ይሆናል፣ ሰው በር ሲከፈት ያውቃል፣ አይሳሳትም። ብዙ ጊዜ ተቀምጠው የቆዩ ሰዎች ሲነሡ የሚያሰሙት ድምፅ አለ አይደል፣ የሚያስል፣ ልብሱን የሚያራግፍ፣ የሚነጫነጭ ሕፃን፣ እሱ ሁሉ ከጉሙ ውስጥ መጣ። አንድ የሽማግሌ ድምፅ «ሞጣ ነው?» ብሎ ጠየቀ፣ ሌላ ድምፅ «ሞጣ ነው» አለው።

ማንጠግቦሽ ተነሣች። ነጠላዋን ጨብጬ ያዝኳት፣ በሁለት እጄ ነው የያዝኳት። እሷ አልጎተተችም፣ ጎንበስ ብላ ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈታቻቸው።

«ራህማ፣ ልቀቂኝ» አለችኝ። «እመለሳለሁ።»

ጉሙ ውስጥ ገባች። እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም፣ ፈራሁ፣ ግን ይዣት መጥቼ ብቻዬን ልመለስ አልችልም፣ ተከትያት ገባሁ፣ ስሟን እየጠራሁ ሄድኩ፣ እግሬን እንኳ አላየውም ነበር። ያ ሜዳ ጠዋት ስናየው ሰፊ አይደለም፣ ወደ ጎን ከተሄደ ማዶው ቅርብ ነው፣ እኔ ግን ሄድኩ፣ ሄድኩ፣ ማዶው አልመጣም። ቆምኩ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ከዚያ ከቅርቤ፣ በጣም ከቅርቤ፣ አንዱ ሞተር ተነሣ፣ ሌላው ተከተለ፣ ነፋሱ ቀሚሴን ከእግሬ ላይ ጠቀለለው፣ ድምፁ ሜዳውን ይዞ ሮጠ፣ ከፍ አለ፣ ወደ ጮቄ ሄደ።

ጉሙ ሲሳሳ መሃል ሜዳ ላይ ነበርኩ። ማንጠግቦሽ ትንሽ ራቅ ብላ ቆማለች። ሮጬ ያዝኳት። እኔ እስከ ውስጥ ልብሴ ርሻለሁ፣ ውኃው ከፀጉሬ ይንጠባጠባል፣ እሷ ግን ነጠላዋ ደረቅ ነው፣ ፀጉሯ ደረቅ ነው፣ እጇ ሞቃት ነው። የምይዘው ሲጠፋኝ የለመድኩትን አደረግሁ፣ የልቧን ትርታ በእጇ አንጓ ላይ ለካሁ። እንደተኛ ሰው ልብ ነበር የሚመታው። የእኔ ጆሮዬ ውስጥ ይደልቃል።

ወደ ዳሩ ስንመለስ አያ ቢተው ባርኔጣቸውን አጥልቀው ከብቱን ወደ ሜዳው እየመለሱ ነበር። «ዛሬ ቶሎ ተነሣ» አሉ፣ ለእኛ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም።

እንዳትፈርዱብኝ፣ እኔ እንዲሁ አላመንኩም። ያን ቀን ሳይመሽ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሄድኩበት፣ በማግስቱም ጠዋት ተመልሼ ሄድኩበት፣ የጎማ ፈለግ ፈለግሁ፣ ጭቃው ለስላሳ ነበር፣ የከብት ኮቴ ብቻ ነው ያለው። ወፍጮ ቤት ሄድኩ፣ ባለወፍጮው ትናንት ሲፈጭ እንደዋለ ነገረኝና ልቤ ትንሽ ዐረፈ፣ አስነሣልኝ ብዬው አስነሣው፣ ቱክ ቱክ አለ፣ እንደገና ልቤ ተነሣ። ሜዳው አጠገብ የሚኖሩ ሰዎችን ጠየቅሁ፣ አንዳንዱ ሰምተናል አለኝ፣ አንዲት እህል የምታሰጣ ሴትዮ ምንም አልሰማሁም አለችኝ፣ አንዱ ደግሞ መልስ ሳይሰጠኝ በሩን ዘጋው። ማንጠግቦሽን መጠየቅ ግን አቃተኝ። መንገዱን ሙሉ፣ ከሞጣ እስከ ቢቸና፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ በቅሎዎቹ አወራን እንጂ ስለዚያ አላወራንም።

ቢቸና ስንደርስ መስቀል አልፏል፣ ግራዝማች ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፣ ሰው ተሰብስቧል፣ ካህናቱም አሉ። ሰዉ የሚያየው ልብሷን ነው። እሷ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ በሰው መሃል አልፋ፣ ግራዝማች ፊት ሄዳ ተንበረከከች።

«አባባ፣ ልየው ከስተሻል አለኝ» አለች። «ምን ሆንሽ፣ ታመሽ ነበር ወይ አለኝ። ጠዋት ከአዲስ አበባ የተነሣ ነው የሚመስለው፣ ምንም አያውቅም። መንገድ ላይ ነው፤ አያልቅሱለት።»

ግራዝማች እሷን ትተው እኔን ፈለጉኝ፣ ከኋላ ቆሜ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ አብረሻት ነበርሽ» አሉኝ። «አይተሻል?»

መዋሸት እችል ነበር፣ ምንም የለም ብል ሰዉ ሁሉ ያምነኛል፣ እሷም ከል ትለብሳለች፣ ታለቅሳለች፣ ከጊዜ ጋር ይወጣላታል፣ የሄድኩትም ለዚያ ነበር። ፊታቸውን አየሁት፣ አልቻልኩም።

«አላየሁም ግራዝማች» አልኳቸው። «ሰምቻለሁ።»

ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና ድንኳኑን አፍርሱት አሉ፣ ካህናቱን ይቅርታ ጠይቀው ሸኙ። ከተማው አረጁ፣ አእምሯቸው ደከመ ብሎ አማቸው፣ እሳቸው ግን ቃላቸውን አልቀየሩም። በሚቀጥለው ክረምት በዚያ ዕድሜያቸው በበቅሎ ሞጣ ሄዱ፣ ሲመለሱ ያዩትን የነገሩት ሰው የለም፣ ፍትሐትም ዳግመኛ አላነሡም።

ማንጠግቦሽ ዝውውሯ መጣላትና ሞጣ ገባች፣ እዚያው ታስተምራለች፣ ሊያገቧት የጠየቁ ነበሩ፣ ባለትዳር ነኝ እያለች መለሰቻቸው። እኔ ወደ አገሬ ስዛወር ልሰናበታት ሄድኩ። ወፈር ብላለች፣ ሳቋ ተመልሷል፣ እንደ ድሮው ለእኔ ለብቻ በሌላ ድስት ሠርታ አበላችኝ። ልሄድ ስል፣ አሁን ካልጠየቅሁ መቼም አልጠይቅም ብዬ ጠየቅኋት፣ እውነት ያን ቀን ልየውን በዓይንሽ አይተሽዋል ወይ አልኳት።

ቀልድ የያዝኩ መስሏት ትክ ብላ አየችኝ።

«አንቺ አላየሽውም እንዴ?» አለችኝ። «ሲሸኘኝ አጠገብሽ ድረስ መጣ እኮ። ራህማ አብራኝ መጥታለች አልኩት፣ ሊጨብጥሽ እጁን ዘርግቶልሽ ነበር።»

ተሳስመን ተለያየን። አንድ ነገር ግን አልነገርኳትም፣ ጉሙ ውስጥ ስፈልጋት የነበረው እንደ ዓይነ ስውር ሁለቱንም እጆቼን ወደ ፊት ዘርግቼ ነው። ምንም አልነካሁም። እስከማስታውሰው ድረስ፣ ምንም አልነካሁም።